የልጃችን የክፍል ሥራና የእኛ ገበና

ዛሬ ስለ አንድ የኮሌጅ አሳይመንት ልናወራችሁ ነው። የክፍል ሥራ ከእምነት ሕይወት ጋር ምን ያገናኘዋል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር፤ አሳይመንቱ ስለ እኛ እስኪሆን ድረስ።

የምንኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን ብዙም አንርቅም። እሑድ እሑድ በአካል እንገናኛለን፤ በሳምንቱ መካከል ግን የሚያገናኘን የዋትስአፕ ግሩፕ ነው። የጸሎት ርዕስ፣ መርዶ፣ የሰርግ ጥሪ፣ የሚከራይ ክፍል፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ አንድ መልእክት ደረሰን። ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን ፎቶ አለው። ከሥሩ በአማርኛ፣ ልጁ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ካላገኘ እንደማይተርፍ፣ ወላጆቹም ወንጌላውያን አማኞች እንደሆኑ ይናገራል። ገንዘብ የሚላክበት ቁጥርም ተጽፎበታል። ለአሥር ቅዱሳን አስተላልፉ ይላል።

በወጣቶች አገልግሎት ያለን ሰዎች አየነው፤ አንጀታችን ተንሰፈሰፈ። «ወገኖች፣ ተረባረቡ» የሚል ቃል ጨምረን ወደ ግሩፑ አስገባነው። ለጸሎት እናቶችም ለየብቻ ላክንላቸው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ በቂ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከልጆቻችን አንዷ ያወጣችው ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እኛም ዘንድ ደረሰ። በኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በዚያ ሴሚስተር ስለ ዲጂታል ሚዲያና ስለ ኢንተርኔት ባህል የሚያጠና ኮርስ ወስዳ ነበር። ፎቶውን በምስል ፍለጋ አስገብታ ስትከታተል፣ ያው ምስል ከዓመታት በፊት በሌላ አገር፣ በሌላ ስም፣ ለሌላ ልመና ውሎ አገኘችው። ከዚያም አንድ የስደተኞች ማኅበረሰብ እንዲህ ያለውን መልእክት ለምን በቀላሉ እንደሚያምን ጻፈች። የቤተ ክርስቲያናችንንም ሆነ የማንንም ስም አልጠራችም። ነገር ግን ከእኛ ወገን ያነበበ ሁሉ ማን እንደሆነ አወቀ።

ተቆጣን። «ገበናችንን አደባባይ አወጣችው» አልን። አንድ ሽማግሌ አባቷን ጠርተው አነጋገሩ። እኛም ከተቆጡት አንዱ እንጂ ከገላጋዮቹ አልነበርንም።

ዛሬ የምንጽፈው ያ ቁጣ ስሕተት እንደነበረ ለመናገር ነው። ደግሞም ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩት ይህ ነገር ለእኛም እንደሚያስፈልገን ለማሳየት ነው።

ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

ብዙ ወላጆች «ልጄ ኢንተርኔት ላይ እየጻፈች ማርክ ታገኛለች» ሲባሉ ግር ይላቸዋል። በእኛ ዘመን የክፍል ሥራ ማለት መምህሩ አንብቦ፣ በቀይ ቀለም አርሞ የሚመልሰው ወረቀት ነው። አንባቢው አንድ ሰው ነው፤ ማርኩ ከተሰጠ በኋላ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። በዚህኛው ትምህርት ግን ተማሪው በየሳምንቱ ይጽፋል፤ ጽሑፉን የክፍል ጓደኞቹ ያነቡታል፤ ብዙ ጊዜም ከክፍሉ ውጪ ያለ ማንም ሰው ሊያነበው ይችላል። አንድ ነገር እውነት ነው ካለ ከየት እንዳገኘው ያሳያል። ከተሳሳተ ስሕተቱን እዚያው፣ ሰው እያየ ያርማል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከዋሽንግተን በስተ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በፍሬድሪክስበርግ ከተማ የሜሪ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ተማሪዎችና መምህራን የሚጽፉበት የጋራ የብሎግ ቦታ ከፈተ። በ2012 በሙከራ፣ በ2013 ደግሞ ለአዲስ ገቢዎች በሙሉ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የድረ ገጽ አድራሻና ቦታ የሚያገኝበት ፕሮግራም ጀመረ። የፕሮግራሙ ስም የተወሰደው ቨርጂኒያ ዎልፍ የምትባለው እንግሊዛዊት ደራሲ በ1929 ካሳተመችው፣ ለምትጽፍ ሴት የራሷ የሆነ ክፍል ያስፈልጋታል ከምትልበት መጽሐፍ ነው። ተማሪው ሲመረቅ የጻፈውን ይዞ መውጣት ይችላል። የእኛ ልጅ የምትማረው እዚያ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ወደ ብዙ ኮሌጆች ተዛምቷል።

በኮርሱ የሚያጠኑትም ነገር ቀልድ አይደለም። አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን መርምረው ነበር። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ ሌላ ሰው የሚያስተላልፈው የመሆን ዕድሉ በ70 በመቶ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ይህን የሚያደርጉት ሮቦቶች ይሆናሉ ብለው መረመሩ፤ ሮቦቶቹ ግን እውነቱንም ሐሰቱንም እኩል ነበር የሚያሰራጩት። ልዩነቱን የፈጠረው ሰው ነው። ወገኖች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የክፋት ሁሉ ምንጭ ማሽኑ ነው ስንል ኖረናል፤ መላኪያውን የሚጫነው ግን የእኛው ጣት ነው።

ያላየናት ቀስት

የልጃችንን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብነው በቁጣ ስለ ነበር ምንም አልገባንም። ለሁለተኛ ጊዜ ስናነብ ግን አንድ ነገር ያዘን። ዋትስአፕ ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ መልእክት አናቱ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው። መልእክቱ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ የመጣ ከሆነ ግን ቀስቶቹ ሁለት ይሆናሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 አንድን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ መላክን በዓለም ዙሪያ ከለከለ። በ2020 ደግሞ ሁለት ቀስት ያለውን ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ወሰነ።

ስልካችንን ከፍተን ያንን መልእክት ፈለግነው። ሁለት ቀስት ነበረው። «የምናውቀው ወንድም የላከው ነው» ያልነው መልእክት፣ ማንነታቸውን በማናውቃቸው ቢያንስ በአምስት እጆች አልፎ የመጣ ነበር። የባሰው ሌላ ነው። ለጸሎት እናቶች ስንልክ ዋትስአፑ ከአንድ ሰው በላይ አላስመርጥ ሲለን፣ «ኔትወርኩ ነው» እያልን አንድ በአንድ ልከንላቸው ነበር። ማሽኑ እንኳ ቀስ በሉ ሲለን እኛ ተቸኩለን ነበር።

ልጅቷ ይህንን ሁሉ የተማረችው በዚያ ኮርስ ነው። ሌላም ነገር ተምራለች። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 45 ሰዎች ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ ሰጥተዋቸው ነበር። 10ሩ በታሪክ ዶክትሬት ያላቸው ምሁራን፣ 25ቱ የስታንፎርድ ተማሪዎች፣ 10ሩ ደግሞ መረጃ በማጣራት ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ እያነበቡ፣ በሚያምር አርማና በተከበረ በሚመስል ስም ብዙ ጊዜ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ብዙም ሳያነቡ ከገጹ ይወጡና ሌሎች ስለዚያ ገጽ ምን እንደሚሉ ይፈልጉ ነበር። እነርሱም በጥቂት ጊዜ ወደ ትክክለኛው መልስ ደረሱ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። እኛ የአንድን መልእክት እውነተኛነት የምንለካው በውስጡ ባለው ነገር ነው። የጌታ ስም ከተጠራበት፣ ጥቅስ ካለበት፣ እንባ ከያዘበት እናምነዋለን። አታላዩም ይህንን ያውቃል። ስለዚህ ምስክሩን ከመልእክቱ ውስጥ ሳይሆን ከውጪ መፈለግ አለብን።

ገበና ምንድን ነው?

ሽማግሌዎቻችንን ልንከሳቸው አንፈልግም። ገበናን የሚጠብቁበት ምክንያት አላቸው። ብዙዎቹ በደርግ ዘመን ወጣቶች ነበሩ። ያኔ በብዙ ቦታ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው፣ ቅዱሳን በየቤቱ በሹክሹክታ ይጸልዩ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። በዚያ ዘመን የወንድምን ስም በወረቀት ላይ መጻፍ ወንድምን አሳልፎ እንደ መስጠት ነበር። ዝም ማለት ፍቅር ነበር። ከዚያ ትውልድ የወጣ አባት፣ ልጁ በስሟ በአደባባይ ስትጽፍ ልቡ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ያኔ ዝምታው ማንን ነበር የሚጠብቀው? የታደነውን፣ የታሰረውን፣ አቅመ ቢሱን ነበር። አሁን እኛ ገበና ብለን ልንሸፍነው የፈለግነው ነገርስ ማንን ይጠብቅ ነበር? ያንን መልእክት ካመኑት የጸሎት እናቶች አንዷ አረጋውያንን በሚንከባከብ ቤት የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ናቸው። በዚያው ሌሊት በእረፍት ሰዓታቸው 200 ዶላር ላኩ። ገንዘቡ የት እንደ ገባ ዛሬም አይታወቅም። ዝምታው እርሳቸውን አልጠበቀም። የጠበቀው እኛን፣ በችኮላ ያስተላለፍነውን ነው።

ደካማውን የሚሸፍን ገበና ቅዱስ ነገር ነው። የጥፋተኛውን ፊት ብቻ የሚያድን ከሆነ ግን ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

ቃሉም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በዘጸአት 23 መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን ከሐሰተኛ ወሬ ጋር እንዳይተባበሩ ያስጠነቅቃል። ልብ በሉ፣ ወሬውን የፈጠረው ብቻ ሳይሆን ተቀብሎ የሚያዞረውም በማስጠንቀቂያው ውስጥ አለ። በሐዋርያት ሥራ 17 የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት የጳውሎስን ስብከት እንኳ መጽሐፍን እያገላበጡ ስለ መረመሩ ነው። የሐዋርያ ቃል ከተመረመረ፣ ከማናውቀው ስልክ የመጣ መልእክት እንዴት አይመረመርም? ሉቃስም ለቴዎፍሎስ ከመጻፉ በፊት ነገሩን ከሥር መሠረቱ እንደ ተከታተለ በወንጌሉ መግቢያ ይነግረናል። መመርመር የእምነት ማነስ ሳይሆን የፍቅር ሥራ ነው።

«ግን ቀድማ ለእኛ መናገር አልነበረባትም?»

ይህንን ብዙዎች ጠይቀውናል። ማቴዎስ 18ን ጠቅሰው፣ ወንድምህ ቢበድልህ በመጀመሪያ ለብቻው ሂድ አልተባለም ወይ ብለዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛም በልባችን ይዘነው ነበር፤ ስለዚህ ልጅቷን ጠርተን ጠየቅናት።

«ጋሼ፣ ነግሬያችሁ ነበር እኮ» አለችን።

ወደ ግሩፑ ተመልሰን ፈለግን። እውነቷን ነው። መልእክቱን ባስገባንበት ማታ፣ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ፣ «ይቅርታ፣ ይህ ፎቶ የቆየ ይመስላል፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት እንጠይቅ» ብላ ጽፋ ነበር። አንድ ሰው «በጸሎት ነገር ክርክር አያስፈልግም» ብሎ መልሶላታል። ከሥሩ ብዙ ሰው አሜን አለበት። አሜን ካሉት መካከል እኛም ነበርን። እናታችን ገንዘቡን የላኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በግሩፑ ውስጥ የሚሰማት ስላጣች በክፍል ሥራዋ ላይ ጻፈችው። መምህሯ ሰማት፤ የክፍል ጓደኞቿ ሰሟት። የራሷ ቤተ ክርስቲያን ግን አባቷን አስጠራች። ወገኖች፣ ልጆቻችን ለምን ከእኛ ራቁ እያልን በየኮንፈረንሱ እናለቅሳለን። አንዳንዴ መልሱ ሩቅ አይደለም።

የምንፈራው ነገርም አለ

በአደባባይ መጻፍ አደጋ የለውም ብለን ልናሞኛችሁ አንፈልግም። የ19 ዓመት ልጅ የጻፈው ነገር 30 ዓመት ሲሞላው ሥራ ፈላጊ ሆኖ በቀረበበት ቦታ ሊነበብ ይችላል። የአሳይለም ጉዳዩ ያላለቀ ቤተሰብ ያለው ተማሪ አለ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹ በእርሱ ጽሑፍ እንዳይጎዱ የሚሰጋ አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ በሙሉ ስምህ ጻፍ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን መብታቸውን ይወቁ። በአሜሪካ የተማሪን የትምህርት መዝገብ ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ ከ1974 ጀምሮ አለ። ብዙ መምህራንም ተማሪው ከጠየቀ በብዕር ስም እንዲጽፍ ወይም ጽሑፉ ለክፍሉ ብቻ እንዲታይ ይፈቅዳሉ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ወደ መምህሩ ሄዶ መጠየቅ ነውር አይደለም። ስለ ሌላ ሰው ስትጽፉም ያ ሰው ጽሑፉን ቢያነበው ምን ይሰማዋል ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችን ስለ እናታችን 200 ዶላር ታውቅ ነበር፤ በጽሑፏ ግን አላነሣችውም። «እርሳቸውን ማሳፈር አልፈለግኩም» አለችን። ገበና ማለት ምን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ገብቷት ነበር። እኛም ዛሬ ይህንን የጻፍነው እናታችንን አስፈቅደን ነው።

ምን እናድርግ?

ወላጆች፣ ልጆቻችሁን «በዚህ ሴሚስተር ምን እየጻፋችሁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማርኩን ብቻ አትጠይቁ። ጽሑፉን አስነብቡን በሉ። እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ በአማርኛ ያስረዷችሁ። አንድ ልጅ ለወላጁ ሊያስረዳው ያልቻለውን ነገር ገና ራሱም በደንብ አላወቀውም፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

አገልጋዮች፣ ከማስተላለፋችን በፊት እንቁም። ማይክ ኮልፊልድ የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ2019 ለተማሪዎች አራት ነገር አስተማረ። ቁም፤ ምንጩን መርምር፤ የተሻለ ዘገባ ፈልግ፤ ነገሩን እስከ መነሻው ተከተል። እኛ አንድ አምስተኛ ጨምረንበታል፤ ስሕተት ከሆነ በተናገርክበት በዚያው ቦታ አርም። በሺህ ሰው ፊት አስተላልፈን በአንድ ሰው ጆሮ ይቅርታ መጠየቅ ይቅርታ አይባልም። አሁን በእኛ ግሩፕ የገንዘብ ልመና የሚገባው ሁለት ሰው ደውሎ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዷ ያቺ ልጅ ናት።

ተማሪዎች ደግሞ፣ የተማራችሁትን አትናቁት። «ይህ የዓለም ትምህርት ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም» የሚላችሁ ቢኖር ተስፋ አትቁረጡ። በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ መጻፍ፣ ያሉትን በማስረጃ መደገፍ፣ በስም መፈረም፣ ሲሳሳቱ ማረም፣ እነዚህ ሁሉ የእውነተኛ አንደበት ልምምዶች ናቸው። እውነትን ስትናገሩ ግን እንደ ልጃችን የደካማውን ስም ሸፍኑ።

በመጨረሻ፣ እነዚያን እናት ልንጠይቃቸው ቤታቸው ሄድን። 200 ዶላሩን በፖስታ አድርገን ይዘን ነበር። ቡና አፈሉልን። ይቅርታ ጠየቅናቸው። ገንዘቡን አልቀበልም ብለው ብዙ ተከራከሩን።

«እኔስ ለጌታ ብዬ ነው የሰጠሁት፤ እርሱ ያውቀዋል» አሉን። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ግን ልጆቼ፣ ከእናንተ ስልክ ባይመጣ ኖሮ አልልክም ነበር» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መላኪያውን ከመጫናችን በፊት ይህ ቃል ትዝ ይለናል። ሰዎች የሚያምኑት መልእክቱን ሳይሆን እኛን ነው። ጌታ ይህንን አደራ የምንሸከምበት ጸጋ ይስጠን።